የጀንዲው አራት ጫፍ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ሰፈር ተረት እንዲሁ አይሰማም ነበር፤ ዋጋው የአንድ ጀንዲ ጫፍ መያዝ ነው። እማማ ትርፌ ተረታቸውን ይጀምራሉ፣ ያሳምራሉ፣ እኛም አፋችንን ከፍተን እንከተላለን፤ ልክ ነገሩ ሊለይለት ሲል ግን ዝም ይላሉ። ከዚያ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ደግፈው ይነሡና «በሉ ልጆቼ፣ ጫፍ ጫፉን ያዙ» ይሉናል። ምን ይደረጋል፣ እንነሣለን።

ሰፈራችን ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ የሊማሊሞ ቁልቁለት ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተሳበ ይወጣና ቤቱንም ገብሱንም በጎቹንም አንድ አድርጎ ይሸፍናቸዋል፤ ያኔ ልጅ ሁሉ እሳት ወዳለበት ይሮጣል። እሳትስ በየቤታችን ነበር። እኛ ግን የምንሮጠው ወደ እማማ ትርፌ ቤት ነው። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ አመድ የለበሰው ፍም ዳር ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ የእማማ ትርፌን እጆችና ከእሳቱ ወዲያ የተኙትን የአያ ካሴን ፊት ብቻ ታሳየን ነበር።

አያ ካሴ የእማማ ትርፌ ባል ናቸው። ቀድሞ በሳንቃ በር በኩል ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ የሚጭኑ፣ ገደሉን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ ይባላል። አንድ ክረምት ጭቃ ላይ በቅሎዋ ስትንሸራተት ይዘዋት አብረው ወደቁ። በቅሎዋ ተነሣች፤ እሳቸው አልተነሡም። ሐኪም ቤት ከርመው ሲመለሱ ከወገባቸው በታች ያለው አካል የሳቸው አልነበረም። እኔ ነፍስ ሳውቅ አያ ካሴ ጀንዲ ላይ የተዘረጉ፣ አንደበታቸው ግን ከማንኛውም ጤነኛ የባሰ ሰው ነበሩ።

ጀንዲው የትልቅ በሬ ቆዳ ነው፤ ተፍቆና ታሽቶ፣ ኋላም ስንት ዓመት ተተኝቶበት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ዘመዶች አልጋ አምጥተው ነበር አሉ፣ እማማ ትርፌ ግን መለሱት። የተኛ ሰው በአንድ ጎኑ ከቆየ ገላው ይላላጣል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉም ነፍስ ድረስ ይዘልቃል ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቋቸዋል። አልጋ ላይ የተኛን ትልቅ ሰውዬ አንዲት ሴት ብቻዋን አታገላብጠውም፤ ጀንዲ ግን አራት ጫፍ አለው። ጠዋትና ቀትር ላይ በደጅ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም። ማታ ግን ሁሉም ከእርሻው ደክሞ ይገባል፣ እማማ ትርፌ ደግሞ ሰው ከማስቸገር ሞት ይመርጣሉ። ስለዚህ ለማታው እኛን በተረት ገዙን።

አራት ነበርን፦ እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ ደሴ፣ የጎረቤቶቻችን ልጆች ጌጤና አዱኛ። ለየራሳችን የማይነጠቅ ጫፍ ነበረን። የእኔ በግራ እግራቸው በኩል ነው፤ ትንሿ እኔ ስለሆንኩ ቀላሉን ሰጡኝ። እማማ ትርፌ የአያ ካሴን ወገብ ይደግፉና «በስመ አብ» ሲሉ እንጨብጣለን፣ «ወወልድ» ሲሉ እናነሣለን፣ «ወመንፈስ ቅዱስ» ሲሉ እናዞራለን፣ «አሐዱ አምላክ» ላይ ቀስ አድርገን እናሳርፋለን። ጸሎቱ የተሠራው ለዚሁ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ምንም ነገር ሳያነሣ «በስመ አብ» ሲል ስሰማ ግራ እጋባ ነበር።

ከዚያ ጀርባቸውን ቫዝሊን ቀብተው፣ ጋቢያቸውን አልብሰው፣ እማማ ትርፌ ወደ ቦታቸው ይመለሱና «የት ላይ ነበር ያቆምኩት?» ይላሉ። የት እንዳቆሙ ያውቁታል፤ እኛ ማወቃችንን ነው የሚፈትኑት። ስንንጫጫ አያ ካሴ ከጋቢያቸው ውስጥ ሆነው ይቀድሙናል።

«ሰውዬውን ጣሪያ ላይ አንጠልጥለሽ ነው የሄድሽው። አውርጂው እንጂ፣ ብርድ ፈጀው።»

ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ሰውዬ አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ክርስቶስ ያመጡት ሽባ ነው። እማማ ትርፌ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚያወሩት ሁሉ ከቅዳሴና ከስብከት የሰሙት ነው፣ ሲያወሩት ግን እዚሁ አገር የሆነ ያስመስሉታል። ቅፍርናሆም ከዛሪማ ትንሽ እልፍ ብላ ያለች ከተማ ትመስለኝ ነበር። ሽባው የተኛው በጀንዲ ላይ ነው፣ ቤቱም የሣር ክዳን ነው፣ በመጫኛ አስረው ነው ያወረዱት። መጫኛ ላይ ሲደርሱ አያ ካሴ ነገር ያነሣሉ፤ በቅሎ ጫኝ ናቸውና ቋጠሮው እንዴት እንደታሰረ ካልተነገራቸው ተረቱ አያልፍም።

ደሴ ደግሞ የሱ ጥያቄ ሌላ ነበር። ያንን የፈረሰ ክዳን ማን መልሶ ከደነው? ባለቤቱ ምን አለ?

«ወንጌሉ አይልም» አሉ እማማ ትርፌ። «እንደኔ እንደኔ ግን እነዚያው አራቱ ናቸው። ያፈረሰ ይከድናል።»

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት የሚያወሩት ደግሞ የመጻጉዕን ነው፤ መጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ፣ ውኃው ሲናወጥ የሚያስገባው አጥቶ የኖረውን በሽተኛ። እዚያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወርዳል። ክርስቶስ ልትድን ትወዳለህን ሲለው «ሰው የለኝም» አለ፤ ይህችን ሲናገሩ እማማ ትርፌ ፍሙን በእንጨት ይነካኩ ነበር እንጂ ወደ እኛ አያዩም።

ያኔ አልገባኝም። እማማ ትርፌ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሞላ የሚባል። በወታደርነት ሄዶ ከዘመቻ አልተመለሰም፤ ሞቷል የሚልም፣ አለ የሚልም ወረቀት አልመጣም። መርዶ ያልመጣለት ሰው ተዝካር አይወጣለትም። የክርስትና ስሙን ለጸሎት ሲሰጡ ከሙታን ጋር ይጠራ ከሕያዋን ጋር ማወቅ ተስኗቸው ከቄሱ ፊት እንደቆሙ አንድ እሑድ በዓይኔ አይቻለሁ። ቄሱም «ስሙን ብቻ ስጪኝ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ባለቤቱ ያውቃል» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ እየሰጡ ኖሩ።

አንድ ማታ እነ ደሴ ቀድመው ወጥተው እኔ ጫማዬን ስፈልግ ቀረሁ። አያ ካሴ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እማማ ትርፌ ያለሁ አልመሰላቸውም መሰለኝ፣ የባላቸውን ጋቢ እያስተካከሉ ለራሳቸው ተናገሩ።

«እኔስ? እኔን ማን ያገላብጠኝ ይሆን?»

ወዲያው አማተቡና ይቅር በለኝ አሉ። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ትልቅ ሰው እንደሚፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን ስሕተት የሠራነው። ሐሳቡ የአዱኛ ነው፣ እኔም ብሆን ከማንም በላይ አራግቤዋለሁ። ነገሩ እንደ ሁለትና ሁለት ግልጽ ነበር፦ ሽባ ሰው አለ፣ ጀንዲ አለ፣ ተሸካሚ አራት ነን፤ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ደግሞ ጸበል አለ። ትልልቆቹ ሰዎች ይህን እስከ ዛሬ አለማሰባቸው ገርሞን ነበር። በወርኃዊው የሚካኤል ቀን እማማ ትርፌ ለቅዳሴ እንደወጡ ገባንና ደሴ አያ ካሴን ጠየቃቸው። ይስቁብናል ብዬ ነበር። አልሳቁም። ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አዩና «ትችላላችሁ?» አሉ።

ወሩ ጥቅምት ነበር፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እስከ ማሳው ዳር እያሳረፍን፣ እየጎተትን፣ «በስመ አብ»ን ስንት ጊዜ እንደጨረስነው እንጃ፣ ደረስን። ቁልቁለቱ ሲጀምር የእኔን እጅ አላበው። ጫፉ አመለጠኝ፤ ጀንዲው ዘመመና አያ ካሴ ተንሸራተው ሣሩ ላይ በጎናቸው ወደቁ። አራታችንም አንድ ላይ ማልቀስ ጀመርን። ገደልናቸው ብዬ አሰብኩ።

«ዝም በሉ እስቲ» አሉ አያ ካሴ። ድምፃቸው ሌላ ሆኖብኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ወደ ሰሜን ተራሮች ዞሯል። «እዚያው ነው ያለው» አሉ። «ተራራው፣ እዚያው ነው።» ስድስት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ብቻ ሲያዩ እንደኖሩ እኔ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ይወርዳል፣ አላበሱትም።

እማማ ትርፌ ነጠላቸው እየተጎተተ ከቤተ ክርስቲያን ሲሮጡ መጡ። ዱላውን ስንጠብቅ እሳቸው ጎንበስ ብለው የባላቸውን ጀርባ ፈተሹ፣ ቁስል እንደሌለ ካዩ በኋላ ትንፋሻቸው እስኪመለስ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ደሴ እያለቀሰ ጸበሉ ሊደርስ ጥቂት እንደቀረው ነገራቸው።

«ጸበሉ ወዴትም አይሄድ» አሉት። «እስቲ ፀሐይ ይሙቁ።»

ከቅዳሴ የተመለሰው ሕዝብ ደርሶ አያ ካሴን ተሸክሞ እስከ ጸበሉ ወሰዳቸው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያሉ ሲተርቱ ሌሎቹ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር። በማግሥቱም፣ ከዚያ ወዲህም፣ ቀኑ ብራ ሲሆን አያ ካሴን ደጅ የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አልዳኑም። ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም፤ እግራቸው እስኪሞቱ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ለብዙ ጊዜ በተረቱ ተቀይሜ ኖሬያለሁ። አንድ ማታ አፍ አውጥቼ ተናገርኩ፦ ያኛው አራት ሰው ነበሩት ዳነ፣ የእኛም አራት ነበሯቸው፣ ለምን? እማማ ትርፌ አልተቆጡኝም።

«ክርስቶስ መጀመሪያ ያየው የተሸካሚዎቹን እምነት ነው» አሉኝ። «እግሩ ከዚያ ቀጥሎ ነው የመጣው። እኛ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቅን ነው ልጄ። እስኪመጣ እናገላብጣለን።»

አያ ካሴ ያረፉት እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። ገናዦቹ ሲያጥቧቸው ገላቸው ላይ አንድ ጠባሳ እንኳን አላገኙም፤ ሰፈሩ ውስጥ ከለቅሶው ይልቅ ይህ ተወራ። ከዚያ እኛም ተበታተንን። ደሴ ጤና ባለሙያ ሆኖ በየዳ ተመደበ፣ አዱኛ ደባርቅ ላይ ባጃጅ ያዘ፣ ጌጤ እዚያው አግብታ ቀረች፣ እኔ ዳባት አስተማሪ ሆንኩ። እማማ ትርፌ ቤታቸው ቆርቆሮ ለብሶላቸው፣ ጀንዲያቸውን ጠቅልለው ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ብቻቸውን አረጁ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣ ጊዜ ጌጤ ደወለችልኝ። እማማ ትርፌ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ አልጋ ቁራኛ ሆነው በሷ እጅ ነበሩ። ሰፈሩ እየወጣ ነው አለችኝ፤ እሳቸው ግን አልነቃነቅም ብለዋል፣ ለእኔ ብላችሁ ልጆቻችሁን አታስፈጁ እያሉ ነው። ወደ ደባርቅ የሚሄድ መኪና ጥቂት ነበር፣ ከዚያ የሚመጣው ግን ማለቂያ አልነበረውም። ሰው ሁሉ ወደ ዳባት ሲወርድ እኔ ወደ ላይ ወጣሁ። ፈርቼ ነበር፤ ጀግና የሆንኩ እንዳይመስል። ደባርቅ ላይ አዱኛን አገኘሁት፣ ባጃጁን መንገድ ባለበት ድረስ ነድቶ የቀረውን በእግራችን ሄድን።

እማማ ትርፌ ያቺው ጀንዲ ላይ ተኝተዋል። ከሊማሊሞ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲመጣ ቆርቆሮው ይርገበገባል። ሲያዩን ደስታቸውን ደብቀው ተቆጡ። ሰማንያ ዘመን ጠግቤያለሁ፣ ቤቴን ዘግታችሁልኝ ሂዱ፣ አምላኬ እዚህም አለ አሉን። ልንለምን፣ ልናስለምን ሞከርን። በመጨረሻ አዱኛ ጎንበስ አለና የራሱን የድሮ ጫፍ ጨበጠ።

«በስመ አብ» አለ።

እጄ ሳላዘው ሄደ። ጌጤም እንደዚያው። «ወወልድ» ሲል ከመሬት ተነሥተው ነበር፤ እማማ ትርፌም እየተቆጡ «አሜን» ከማለት አላመለጡም።

የደሴ ጫፍ ግን ባዶ ነበር። በየዳ ስልክ አይሠራም፣ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ሦስት ሆነን ጥቂት እንደሄድን ከመንገዱ ሕዝብ መሐል አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችን። ማንም አልጠየቃትም። ጓዟን ከጀርባዋ አውርዳ እማማ ትርፌ እግር ሥር አስቀመጠችና አራተኛውን ጫፍ ያዘች። ባጃጅ የተኛ ሰው አይይዝምና ደባርቅ ድረስ ምንም ሳትናገር ተሸከመች፣ ጓዟን አነሣች፣ ሄደች። ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አይሱዙ ላይ ተጭነን ዳባት ገባን። የማስተምርበት ክፍል የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኗል፤ ዴስኮቹ ደጅ ተቆልለዋል፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለፈው ሳምንት የሒሳብ ትምህርት እንደተጻፈ ነው። እማማ ትርፌን በመስኮቱ በኩል አስተኛናቸው። በዚያ በኩል ወታደር ባለፈ ቁጥር አንገታቸውን ቀና አድርገው ፊቱን ያዩ ነበር። ሞላ ቢኖር ፀጉሩ በሸበተ፤ እሳቸው ግን የሚፈልጉት ወጣቱን ነው።

በክፍሉ ጥግ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ከዛሪማ ነው የመጡት፣ የጫኗቸው ሰዎች ከመኪና ላይ አውርደው ጥለዋቸው እንደሄዱ ተነግሮኛል። እግራቸው አይሠራም። አማርኛቸው ትግርኛ ይጎትታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ከሰው የሚለየው በአንደበቱ ነበር። ምግብ ሲታደል ድርሻቸው አጠገባቸው ይቀመጥላቸዋል፣ ከዚያ በላይ የሚቀርባቸው የለም። የቀረበ ሰው ስሙ ይነሣል። አልዋሽም፣ እኔም አልቀረብኩም። ልጅ አለኝ፣ ሥራ አለኝ እያልኩ ለራሴ ምክንያት እደረድር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማምሻው እማማ ትርፌ ጠሩኝ። ያ ሰውዬ ከመጣን ጀምሮ በአንድ ጎኑ ነው የተኛው አሉኝ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሰው እንደሚፈራ፣ ጊዜው ክፉ እንደሆነ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አሉ። «ሰው አለው ወይ?»

የለውም አልኩ።

እማማ ትርፌ በክፍሉ ውስጥ የሚንጫጩትን የተፈናቃይ ልጆች ጠሩና ተረት ጀመሩላቸው። ሽባውን፣ አራቱን ሰዎች፣ በሩ ላይ የታጨቀውን ሕዝብ፤ እናቶቹ ሳይቀሩ ጆሯቸውን ጣሉ። ሣሩ ተገለጠ፣ መጫኛው ታሰረ፣ ሰውዬው በጣሪያው በኩል መውረድ ጀመረ። እማማ ትርፌ ዝም አሉ።

«በሉ ልጆቼ» አሉ በጣታቸው ወደ ጥጉ እያመለከቱ። «የዚያን አባታችሁን ብርድ ልብስ ጫፍ ጫፉን ያዙ።»

የተነሡት ልጆች ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ ወደ ኋላ ሳበች። እማማ ትርፌ ማንንም አልተማጠኑም፤ እኔን ብቻ አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ያየሁት ያንን ማታ ጋቢ ሲያስተካክሉ ያየሁትን ፍርሃት ነው። ተነሣሁ፣ ሄድኩ፣ በሽማግሌው ግራ እግር በኩል ያለውን ጫፍ ያዝኩ። ጌጤ ተከተለችኝ። ሁለት ልጆች መጡ። «በስመ አብ» ያሉት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው።

ጀርባቸው መላላጥ ጀምሮ ነበር። ሳሳርፋቸው እጄን ያዙና በትግርኛ መረቁኝ፤ ሁሉንም አልሰማሁትም፣ የገባኝን ያህል ግን በቃኝ። ያን ማታ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ተረቱ ጠዋትና ማታ ሆነ። ቫዝሊን ከየት እንደሚገኝ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ያቺ ልጇን የሳበችው እናት ሳትቀር አንድ ቀን ግማሽ ጣሳ ይዛ መጥታ ለማንም ሳትናገር አስቀመጠች። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል የሽማግሌው ሴት ልጅ ከመጠለያ መጠለያ ስትፈልግ ኖራ እኛ ጋ ደረሰች። ጀርባቸውን ገልጣ አየችና ማን ነው ያስታመማቸው ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ክፍል ውስጥ መሆናቸውን አልረሱም፣ እጃቸውን አወጡ። አሥራ ምናምን እጅ ነበር።

እማማ ትርፌንም የሚያገላብጡት እነሱ ነበሩ፤ ጫፍ አልደርስ ያለው እየተኮራረፈ። አንድ ቀን እንዲህ አዙረዋቸው ሲያበቁ ጋቢያቸውን ሳስተካክል ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሩኝ።

«ያን ጊዜ ጫማሽን ይዘሽ ስትወጪ ሰምተሽኝ ነበር፣ አይደል?»

ሰምቻለሁ አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም።

«አራት ነበር የለመንኩት» አሉ። «አሁን እይ፣ ተራ ይጠብቃሉ።» ሳቁ፤ ሲስቁ ዳሌያቸውን አመማቸውና እየሳቁ አቃሰቱ።

መንገዱ ሲከፈት መለስናቸው። ደሴም በሕይወት ነበር፤ ከስቶና ጢሙን አሳድጎ መጣ፤ እኔ እንኳን ለሰላምታ አንገቱ ላይ ተንጠልጥዬ አልለቅህ ብዬው ነበር። የእማማ ትርፌ ቤት ቆሟል፣ ጣሪያው ግን ተበሳስቶ፣ አንደኛው ወገን ተገንጥሎ ሰማይ ይታያል። እሳቸውን ደጅ ፀሐይ ላይ አስተኝተን አራታችንም ወጣን፤ አዱኛ ሚስማር ይመታል፣ ጌጤ ከታች ቆርቆሮ ታቀብል ብትባል እምቢ ብላ እሷም ወጣች። ደሴ ከላይ ሆኖ ጮኸ። ያፈረሰ ይከድናል ብለውን አልነበረም ወይ? ይኸ ያፈረስነው አይደለም።

«ያለ ሰው ይከድናል» አሉት ከታች። «ይልቅ ሚስማሩን አጥብቀው።»

አሁንም በሕይወት አሉ። የልጃቸውን ስም አሁንም ለጸሎት ይሰጣሉ፣ የቱ ጋ እንደሚጠራ አሁንም አያውቁም። እሑድ እሑድ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ የእኔ የነበረው ጫፍ የሷ ሆኗል፣ እኔ ወደ ራስጌ ከፍ ብያለሁ። ከልጅነትሽ ምን ቀረልሽ ብባል ተረቶቹን አንድ በአንድ መናገር አልችልም፤ ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረው እጄ ላይ ያለው ነው፤ አንድ ሰው የማንሣት ክብደትና ቀስ አድርጎ የማሳረፍ ልማድ። ምስጋናዬም ቅሬታዬም ወደዚያው ይመለሳል። አያ ካሴ ለምን እንዳልዳኑ ዛሬም አላውቅም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ከእማማ ትርፌ ጋር እጠብቃለሁ።

ባለፈው እሑድ እንደ ወትሮው ሽባውን እስከ ጣሪያው አድርሰው ዝም አሉ። አዞርናቸው፣ ቀባናቸው፣ ጋቢያቸውን አለበስናቸው። «የት ላይ ነበር ያቆምኩት?» አሉ። ፈገግ አልኩና ፊታቸውን ሳይ ፈተና አልነበረም፤ ጠፍቶባቸዋል። እርጅና ነው፣ ዓይናቸው በክፍሉ ውስጥ ይፈልጋል። ልጄ ግን ጫፏን ገና አልለቀቀችም ነበር።

«ጣሪያው ላይ ነን እማማ» አለቻቸው። «እኛ ይዘነዋል፤ ቀስ ብለው ያውርዱት።»